የተቀበሩት ባልጩቶች

እታለም ሔሩይን የተዋወቀችው ድንጋዩን ስትወስድበት ተይዛ ነው። መቀሌ፣ ሓድነት ሰፈር ውስጥ ጥርብ ድንጋይ ከሚሠራበት ግቢ ጀርባ፣ ከተከመረው ፍርስራሽ ላይ ጎንበስ ብላ ስትመርጥ ከኋላዋ መጥቶ ቆመ።

«ሓፍተይ፣ ለቤት መሥሪያ ከሆነ ደህና ደህናውን ልስጥሽ» አላት፣ በትግርኛ እህቴ ብሎ።

አፈረች። የዩኒቨርሲቲው የአርኪዮሎጂ ተማሪ እንደሆነች፣ የጥንት ሰው ድንጋይ እየፈለጠ ቢላዋና መፋቂያ እንዴት ይሠራ እንደነበር መለማመድ እንደምትፈልግ እየተንተባተበች ነገረችው። ሔሩይ ሳቀ። ከዚያ ጆንያ አምጥቶ አብሯት ይመርጥ ጀመር።

እታለም የደሴ ልጅ ናት። ጦርነቱ ትምህርቷን አቋርጦባት ቆይቶ፣ ሰላም ሲወርድ ቤተሰቦቿ እንዳትሄድ እየለመኗት እምቢ ብላ ነው ወደ መቀሌ የተመለሰችው። ሔሩይ ደግሞ እናቱን ኣደይ ለተመድህንን ይዞ የአባቱን ሥራ የቀጠለ ዝምተኛ ሰው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢያቸው መምጣት ለመደች። አንድ ትልቅ ጥቁር ባልጩት አምጥታ፣ ድንጋይን በድንጋይ እየመቱ ስስ ስለት ማውጣት አስተማረችው። ቶሎ ገባው።

አንድ ቀን ከመምህሯ የተዋሰችውን የጥንት ስለት መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«የሠራው ሰው ማን እንደሆነ አናውቅም። ግን አውራ ጣቱን የት ላይ እንዳሳረፈ አየህ? እዚህ ጋ።»

ሔሩይ አውራ ጣቱን እዚያው አሳረፈ። ከዚያ እጇን ያዘ። እሷም አልነጠቀችውም።

ለመመረቂያ ጥናቷ ከዓይናለም መንደር ወዲያ ካለ ጉብታ ሥር ታስቆፍር ነበር። ቀኑ በሄደ ቁጥር ከአፈር በቀር የሚወጣ ነገር ጠፋ። መምህሯ ዶክተር ዓንደብርሃን እስከ ወሩ መጨረሻ ምንም ካልተገኘ ቁፋሮው እንደሚዘጋ፣ እሷም ወደ ደሴ ሄዳ ሌላ ርዕስ ብትይዝ እንደሚሻል ነገሯት። ይህን ሁሉ ለሔሩይ ነገረችው።

ብዙም ሳይቆይ ጥቁር ስለቶች መውጣት ጀመሩ። እታለም አፈር እንደለበሰች ሚኒባስ ተሳፍራ ሓድነት ሄደችና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እሱም አቀፋት፤ ዓይኗን ግን አላየም።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር መልካም ሆነ። ዶክተሩ ግኝቱን በጉባኤ እንድታቀርብ አደረጉ። ሔሩይም ደሴ ሽማግሌ ሊልክ ተነጋገሩ፤ እናቷ እንኳ በስልክ ለስለስ ብላ «እስቲ ይምጡና እንያቸው» ብላለች።

ጉባኤው ሲቃረብ ኣደይ ለተመድህን ምሳ ጠሯት። እጇን ልትታጠብ ወደ ጓሮ ስትወጣ፣ በሩን ነፋስ እንዳይዘጋው የተደገፈበትን ድንጋይ አየችው። ራሷ ያመጣችው ባልጩት ነው። ያኔ ትልቅ ነበር፤ አሁን ዙሪያውን ተፈልጦ አልቋል። ፎቶ ልታነሳቸው ስለቶቹን በቦርሳዋ ይዛ ነበርና አንዱን አውጥታ ከተፈለጠው ጎኑ ጋር አስጠጋችው። ገጠመ። ሌላም ሞከረች። እሱም ገጠመ።

ቀና ስትል ሔሩይ ጆግ ይዞ ቆሟል።

«እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው» አለ።

«ሁሉንም አንተ ነህ የቀበርከው?»

«ሁሉንም አይደለም... የተወሰነውን።»

«የቱን?»

የቀሩትን ስለቶች ተቀብሎ እያገላበጠ ቆየ። 

«ከሌላም ድንጋይ ፈልጬ ነበር። አሁን እኔም አለየውም፣ እታለም።»

እውነተኛ የጥንት ሰው ሥራ ከስለቶቹ መሐል ቢኖር እንኳ ከእንግዲህ ማንም አያምነውም። ስንት ሺህ ዘመን ሳይነካ የኖረውን አፈር ገልጦ ውሸት ጨምሮበታል። እሷም እዚያው እንደቆመች፣ እስከ ዛሬ የነገራትን ሁሉ በልቧ ታገላብጥ ጀመር። የቱ ከልቡ ነበር? መለየት አቃታት። ኣደይ ለተመድህን «ጓለይ፣ ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» እያሉ በር ድረስ ቢከተሏትም ሳትመልስላቸው ወጣች።

በማግስቱ ለዶክተር ዓንደብርሃን ልትናገር ስትሄድ ሔሩይን ቢሮው በር ላይ ቀድሟት ቆሞ አገኘችው። አብሯት ገባና እሷ ምንም እንደማታውቅ፣ ጥፋቱ የእሱ ብቻ እንደሆነ ሳያድበሰብስ ተናገረ። ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ጥናቱ ተሰረዘ፤ ጉድጓዱም ተደፈነ። እታለም ከዜሮ እንድትጀምር ተፈቀደላት።

ውጭ ሲወጡ ሔሩይ ሽማግሌዎቹን ምን እንደሚላቸው ጠየቃት።

«እንዳይሄዱ በላቸው።»

«ይቅር አትይኝም?»

«ብዬሃለሁ። አሁን እውነቱን ስትናገር ስሰማህ ይቅር ብዬሃለሁ። ግን አንድ ደስታ ባገኘሁ ቁጥር 'እሱ ያስቀመጠልኝ ይሆን?' እያልኩ መኖር አልችልም።»

«ሓቅኺ» አላት በቋንቋው፤ ልክ ነሽ ማለቱ ነው። እጁን ሊዘረጋላት አሰበና ተወው። ከዚያ ወዲህ አልተገናኙም።

ክረምቱ ሲወጣ እታለም ወደ ውቅሮ በሚወስደው መንገድ አዲስ ቁፋሮ ጀመረች። አንድ ጠዋት ሠራተኞቹ ጠሯት። ከጉድጓዱ ሥር የባልጩት ስለት ጫፍ ብቅ ብሏል። ተንበረከከች። ስለቱን ከመንካቷ በፊት ዙሪያውን በጣቷ ዳሰሰች፤ ተቆፍሮ የተመለሰ አፈር እንዳይሆን ፈርታ። አፈሩ ጠንካራ ነው፤ የማንም እጅ አልነካውም። እታለም እዚያው እንደተንበረከከች አለቀሰች። ሠራተኞቹ ደስታ መስሏቸው አጨበጨቡላት።