ጀግናው ጥሏቸው የሄዳቸው

ሃያት ማይኩን ወደ ጓደኛዋ ሉሊ ስትገፋው «እኔን እለፊኝ» ማለቷ ነበር። ሉሊ ግን «አንቺ ንገሪልኝ» ያለቻት መሰላት።

የትምህርት ቤቱ የሚኒ ሚዲያ ክፍል ሦስት ልጆች ከገቡባት መተንፈሻ የላትም። እዚያ ውስጥ የተባለ ነገር ግን በድምፅ ማጉያው ለግቢው ሁሉ ይሰማል፤ ውጭ ካዛንቺስ መንገድ ዳር ታክሲ የሚጠብቅ ሰውም ቢሆን ጆሮውን ከጣለ አያመልጠውም። የዕለቱን የእረፍት ሰዓት ርዕስ ያመጣው የክፍላቸው ቀልደኛ ታዲዎስ ነው። «ከአኒሜ፣ ከጃፓን ካርቱን ፊልሞች ማለት ነው፣ በጣም የምትጠሉት ዓይነት የቱ ነው?»

«የኔ ሮማንስ» ብሎ ራሱ ጀመረ። «ሙሉውን ሲዝን ቁጭ ብለህ ታያለህ፣ ልጁ እጇን እንኳ አይዛትም! በቃ ዳታህን በልቶብህ ይሄዳል።»

ከውጭ ሳቅ ተሰማ።

«የኔ ሆረር» አለች ሉሊ። «እኔ እማዬ ስትጠራኝ ራሱ እደነግጣለሁ።»

«ሃዩስ?» አላት ታዲዎስ ሃያትን።

«ኢሴካይ» አለች ሃያት፣ ባጭሩ።

«እንዴ! ተይ እንጂ! ከሱ በላይ ምን አለ? አስቢው፤ ልጁ መንገድ ሲሻገር የጭነት መኪና ድው! ያደርገዋል። ሲነቃ ሌላ ዓለም ነው። ሰይፍ፣ ድራጎን፣ ምናምን።» ታዲዎስ በአፉ የመኪና ጥሩንባ ነፋ። ግቢው በሳቅ ፈነዳ። «ምክንያት አምጪ! ለምንድን ነው የምትጠይው?»

ማይኩን የገፋችው ያኔ ነው።

«እ... ማለቴ» አለች ሉሊ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ማይክ ደግሞ ዝቅ ያለውንም ከፍ አድርጎ ነው የሚያወጣው። «ወንድሟን ሙዓዝን ቄራ መንገድ ላይ ገልባጭ ገጭቶት ነው። እስካሁን ከቤት አይወጣም። እና... እባካችሁ በዚህ አትቀልዱ።»

ግቢው ጸጥ አለ። ሃያት ከሳቁ ይልቅ ጸጥታው ባሰባት። ተነስታ ወጣች።

ውጭ የሚጠብቃት ደግሞ የባሰ ነበር። ስሟን እንኳ የማታውቃት ልጅ ትከሻዋን አቅፋ «አይዞሽ» አለቻት። ሌላዋ ያልጨረሰችውን ብስኩት እጇ ላይ አስቀመጠችላት። ታዲዎስ ፊቱ አመድ መስሎ ከኋላዋ ደረሰ። «ሃዩ፣ እናቴን! አላወቅኩም ነበር።» ብስኩቱን ለሱ ሰጠችውና አልፋው ሄደች።

ሉሊ የደረሰችባት ቧንቧው ጋ ነው።

«ምን አጠፋሁ? አንቺ እኮ ነሽ ማይኩን የሰጠሽኝ።»

«እለፊኝ ነው ያልኩሽ!»

«መቼ አልሽ? ዝም ብለሽ ገፋሽው። ደግሞ ለአንቺ ብዬ ነው፤ ሲስቁብሽ ዝም ልበል?»

«ለኔ ብለሽ ወንድሜን የግቢ ወሬ አደረግሽው?» ሃያት ጮኸች። በሕይወቷ እንዲህ ጮኻ አታውቅም። «ደግሞ ምክንያቱ እሱ አይደለም!»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ምክንያቱን ሃያት ራሷም ገና አታውቀውም። ያም ሌላ ንዴት ሆነባት።

ከትምህርት በኋላ የታክሲውን ሰልፍ አይታ ትታው በእግሯ መንገድ ጀመረች። ሉሊ ትደውላለች፤ ሃያት ትዘጋባታለች። ደምበል ፊት ለፊት ስትደርስ የጭነት መኪና ጥሩንባውን ሲነፋ ደንግጣ የእግረኛ መንገዱ ላይ ቆመች። በሾፌሩ ሳይሆን በሙዓዝ ተናደደች።

ከአደጋው በፊት አኒሜ የሚያዩት አብረው ነበር፤ የስፖርት፣ የምግብ፣ ያገኙትን ሁሉ። ሙዓዝ መሀል ላይ ያቆመውና «አሁን ምን የሚፈጠር ይመስልሻል?» ይላታል። እሷ ሁልጊዜ ትሳሳታለች፣ እሱ ሁልጊዜ ይስቅባታል። አሁን የሚያየው ኢሴካይ ብቻ ነው። ለብቻው፣ ጆሮው ላይ ኢርፎን ሰክቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ። ሐኪሙ በክራንቹ ደረጃ ይውረድ፣ ይውጣ ካለ ቆይቷል። ሙዓዝ ግን ከክፍሉ የሚወጣው መታጠቢያ ቤት ለመሄድ ብቻ ነው።

መስቀል ፍላወር አካባቢ ያለው ኮንዶሚኒየማቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ስትደርስ እናቷ ወይዘሮ ዙህራ በሩን ከፈተችላት። የሙዓዝን ምሳ ይዛለች።

«ምነው ፊትሽ? ማን ነካሽ?»

«ማንም።»

«አብሽሪ የኔ ልጅ። እስቲ ይሄን አንቺ ስጪው፤ ከኔ እጅ እንቢ ብሏል። ከቀትር ጀምሮ በሩ ላይ ስመላለስ ዋልኩ።»

ሃያት ሳህኑን ተቀበለችና ገባች። ክራንቹ እንደወትሮው ከበሩ ኋላ ተደግፏል፤ የእናቷ ሻሽ ተሰቅሎበታል። ሳህኑን መሬት አስቀመጠችና ኢርፎኑን ከሙዓዝ ጆሮ ነቀለችው።

«ምን ሆንሽ አንቺ!»

«እናቱስ?»

«የማን እናት?»

«የዚህ ልጅ። መኪና ገጨው፣ ሌላ ዓለም ሄደ፣ እሺ። እናቱስ? እህቱስ? ስንተኛው ክፍል ላይ ነው የሚያሳዩዋቸው?»

ሙዓዝ ግራ ገብቶት ሳቅ አለ። «አያሳዩም። ታሪኩ የሱ ነው እኮ።»

«እሱ ነዋ የሚያናድደኝ! እሱ እዚያ ድራጎን ይገድላል፤ እነሱ እዚህ ምሳ ይዘው በር ላይ ይቆማሉ። ማንም አይጠይቃቸውም። እሱ ራሱ አንድ ቀን አይጠይቃቸውም!»

ሙዓዝ አልሳቀም። ሳህኑን አየ፣ ከዚያ በሩን። ቀጥሎ ሲናገር ድምፁ ሻካራ ነበር።

«እዚያ ማንም ‹አይዞህ› አይለውም። ገባሽ? ለዚያ ነው የምወደው። እዚህ ሐኪም ጋ ልሄድ እንኳ ገና በሩን ስከፍት ይጀምሩኛል። አራተኛው ፎቅ አይዞህ፣ ሦስተኛው አብሽር፣ ታች ዘበኛው ሳይቀር ከንፈሩን ይመጥልኛል።»

ሃያት እጇ ላይ የተቀመጠችው ብስኩት ትዝ አላት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ዛሬ እኔንም አይዞሽ አሉኝ» አለች። «ግቢው በሙሉ። ሉሊ ያንተን ነገር ነገረቻቸው።»

«ለማን?»

«በማይክ።»

«በማይክ?!» ሙዓዝ ከትራሱ ቀና አለ። «አበደች እንዴ ይቺ ልጅ?»

«በጣም ነው የተናደድኩት።»

«እኔስ ብትይ!»

ለአፍታ ሁለቱም በሉሊ ተናደዱ። ከረጅም ጊዜ በኋላ አብረው የሠሩት የመጀመሪያ ነገር ይሄ ነበር።

ሃያት ተነሳች። ሻሹን ከክራንቹ ላይ አነሳችና አጠፈችው። ክራንቹን አምጥታ አልጋው ላይ አጋደመችው።

«እኔ አይዞህ አልልህም» አለችው። «በጣም ተናድጄብሃለሁ። ምሳህን ብላና ተነስ።»

 ሙዓዝ ሳህኑን ሳበው።

እሱ እስኪበላ ሃያት ስልኳን አወጣች። የሉሊ መልእክት ተደርድሯል። አላነበበችውም። «አሁንም ተናድጃለሁ። ነገ ቧንቧው ጋ ጠብቂኝ፣ ምክንያቱን ራሴ እነግርሻለሁ» ብላ ጻፈችና ላከችው።

ምሳው ሲያልቅ ሙዓዝ በክራንቹ ደረጃውን መውረድ ጀመረ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ጎረቤታቸው እትዬ መድኃኒት በራቸውን ከፍተው «አይዞህ የኔ ልጅ!» አሉ። ሙዓዝ ጥርሱን ነክሶ «ደህና ዋሉ» አላቸው። ሃያት ክንዱን አልያዘችውም፤ አንድ ደረጃ ቀድማው ወረደች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ተቀምጠው አረፉ፤ ከዚያ ተመልሰው ወጡ።