ከቦርሳው የወጣው ሸሚዝ

የሦስት ወሩ ሕፃን በሞተ ማግስት መርማሪዋ ወደ ሕፃናት ማቆያው የገባችው እግሯን እየጎተተች ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሬሳ ስታይ ኖራለች፤ እንዲህ ትንሽ የሆነውን ግን አልለመደችውም፤ መልመድም አትፈልግም።

ልጁ ትናንት ከሰዓት ትኩሳት አንገብግቦት ሆስፒታል ተወሰደ፤ አሥር ሰዓት ላይ አረፈ። አባቱ የማቆያው ሞግዚት ትታሰርልኝ ብሎ ከሷል። እናቱም «ልጄን የበላሽ!» ብላ ጮኻባታለች።

«ጠዋት እንዴት ነበር?» አለች መርማሪዋ።

«ሁለት ሰዓት ላይ ስንቀበለው ነርሷ ለካችው፤ ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስምንት። እኔ ልብሱን ቀየርኩለት» አለች ሞግዚቷ።

«ለምን?»

«ደንብ ነው፣ እትዬ። ሁሉም ልጅ ሲገባ የቤቱን ልብስ አውልቀን የእኛን እናለብሳለን። የቤቱ ልብስ ቦርሳው ውስጥ ይገባል፤ ቦርሳው ይሰቀላል።»

«ከዚያስ?»

«ጡጦ እምቢ አለ። ለቅሶውም ጉልበት አልነበረውም፤ ማቃሰት ብቻ። ለነርሷ ነገርኳት። ስምንት ሰዓት ላይ ስነካው እሳት ሆኗል።»

አጠገቧ የቆመችው የማቆያው ነርስ አንገቷን ደፋች። «የጠዋቱን ወረቀት አየሁና ‹ሙቀቱ ልክ ነው፣ ይተኛ› አልኳት። ጡጦ እምቢ ሲል ደግሜ መለካት ነበረብኝ።»

«ነበረብሽ» አለች መርማሪዋ። ተቆጥታ አይደለም፤ ደክሟት ነው።

ቦርሳውን ከመስቀያው አውርዳ አንድ ነጭ ሸሚዝና አንድ ቴርሞሜትር አወጣች። ሸሚዙን መስኮቱ ጋ ወስዳ አየችው፤ አሸተተችው። ቴርሞሜትሩን አበራችው። ከዚያ ወላጆቹን አስጠራች።

ወላጆቹ፣ ሞግዚቷና ነርሷ አራቱም በልጆቹ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የአባትየው ጉልበት ደረቱ ደርሷል። ሌላ ቀን ቢሆን ያስቅ ነበር።

«እህቴ፣ ልጅሽን መጨረሻ የለካሽው መቼ ነው?»

«ከትናንት በስቲያ ማታ፣ ለሌሊት ሥራ ስወጣ» አለች እናትየው። «ሠላሳ ስድስት ነጥብ ሰባት ነበር። ለክቼ ቴርሞሜትሩን ቦርሳው ውስጥ መለስኩት።»

«የቤታችሁ ቴርሞሜትር ሲበራ መጨረሻ የለካውን ያሳያል። አሁን የሚለው ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ሦስት ነው።»

«እነሱ ለክተውበት ይሆናላ!» አለ አባትየው።

«እነሱ የራሳቸው አላቸው። ግን ይሁን፣ ለክተውበታል እንበል። ይሄስ?» ሸሚዙን ዘረጋችው። አንገቱ ላይ ሮዝ ነጠብጣብ ደርቋል። «የትኩሳት ሽሮፕ ነው፤ እንጆሪ እንጆሪ ይሸታል። ይህ ሸሚዝ ልጁ እዚህ እንደገባ ወልቆ ቦርሳ ገብቷል። ስለዚህ ሽሮፑን የጠጣው ቤቱ ነው። ትኩሳቱ ለጥቂት ሰዓት በረደ፤ ነርሷም ስትለካው ቁጥሩ ልክ ሆነ። በሽታው ግን አልሄደም፤ የሽሮፑ ኃይል ሲያልቅ ብሶበት መጣ። ሚስትህ ሥራ ላይ ነበረች። ቤት የነበርከው አንተ ብቻ ነህ።»

አባትየው ሸሚዙን ከእጇ ወስዶ ጉልበቱ ላይ አጣጠፈው።

«ትኩሳት ያለው ልጅ አይቀበሉም» አለ በመጨረሻ። «እኔም ከሥራ አንድ ቀን ከቀረህ አትመለስ ተብያለሁ። እስከ ማታ ይሻለዋል ብዬ ነው።»

«የሦስት ወር ልጅ እንዲህ ሲያተኩስ በቀጥታ ሐኪም ቤት ነው» አለች ነርሷ በቀስታ። «ብትነግረን እኔው ይዤው እሮጥ ነበር።»

«ጠዋት ደውዬ ስጠይቅህስ?» አለች ሚስቱ።

«ደህና ነው አልኩሽ።»

እናትየው ተነሣች። ባሏን አልፋ ሄዳ የሞግዚቷ እግር ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ሲያቃስት... አቅፈሽው ነበር?»

«አቅፌው ነበር፣ እህቴ። አምቡላንሱ እስኪመጣ አላወረድኩትም።»

እናትየው ራሷን የሞግዚቷ ጉልበት ላይ ጣለች።