ጥጉ የረጠበ ገጽ

«ጣትሽን እየላስሽ ነው እንዴ የምትገልጪው?» አሉኝ ፒያኒስቷ።

«ኧረ አልላስኩም።»

«ታዲያ ጥጉ ለምን ረጠበ?»

ላቤ ይሆናል ብዬ እጄን በቀሚሴ ጠረግኩ። ይቅርታም ጠየቅኩ። ባላጠፋሁት ይቅርታ መጠየቅ ልማዴ ነው።

ይሄን ከሰው አልሰማሁትም። በራሴ የደረሰ ነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ባዶ የኮንሰርት አዳራሽ ውስጥ፣ ልምምድ ላይ። ጨለማ እንኳ አልነበረም... በላይኞቹ መስኮቶች ፀሐይ ትገባ ነበር።

ሥራዬ ገጽ መግለጥ ነው። ፒያኖ የሚጫወት ሰው ሁለቱም እጆቹ ስለሚያዙ፣ አንድ ሰው በግራው ተቀምጦ ኖታውን በዓይኑ እየተከተለ ይገልጥለታል። ሙዚቃ ተምሬ ተመርቄያለሁ፤ ሰው ፊት መጫወት ግን አልሆነልኝም። ይሄ ይመቸኛል። ገጽ ገላጭ ጥቁር ለብሳ ትቀመጣለች፣ ሲጨበጨብ አትነሣም፣ ማንም ልብ አይላትም።

እትዬ፣ ፒያኒስቷን ሁላችንም እንዲህ ነው የምንጠራቸው፣ ድሮ ከየአገሩ ይጋበዙ ነበር። አሁን ዓይናቸው ደክሟል። ባለፈው ኮንሰርታቸው መሀል ላይ መስመሩ ጠፍቶባቸው ቆመዋል።

«ስሚኝ ልጄ፣» አሉኝ በሹክሹክታ። «ዛሬም ከቆምኩ... በቃ። ከእንግዲህ የሚጠራኝ የለም።»

«እሺ እትዬ።»

«አደራ።»

ሊያርፉ ሲወጡ የፒያኖው ቃኚ መጥቶ ክሮቹን ለማስተካከል አጎነበሰ፤ እኔም ቦታ ልለቅለት ተነሣሁ።

«ረጠበ አሉሽ?» አለኝ ቀና ሳይል።

«አዎ።»

ሳቀ። «እህታቸውንም በዚሁ ነበር የሚቆጧት። ዕድሜዋን ሙሉ የገለጠችላቸው እሷ ናት። ጣቷን ካልላሰች አይሆንላትም። ‹ኖታዬን ምራቅ በምራቅ አደረግሽው› ይሏታል፣ እሷ ደግሞ እያዩዋት ትልሳለች።»

«አሁን የት ናት?»

ሳቁን ተወው።

«ክረምት ላይ አረፈች። ሲጨበጨብ አንድ ቀን እንኳ ተነሺ ብለዋት አያውቁም።»

ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። ትቼው ከሄድኩበት ወደ ፒያኖው ተጠግቷል።

«ወንበሬን ነክተኸዋል?»

«እኔ ምን አገባኝ በወንበርሽ።»

ተቀመጥኩ። መቀመጫው ሞቅ ያለ ነበር... አሁን ሰው የተነሣበት ይመስል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። የመጀመሪያዎቹን ገጾች በደንብ ገለጥኩ። ከዚያ ፈጣኑ ክፍል መጣ... መስመሩ ከዓይኔ ጠፋ።

ፈለግኩት። አጣሁት።

እትዬ በአገጫቸው ምልክት ሰጡኝ። ደርቄ ቀረሁ።

ገጹ ተገለጠ።

እጄ ግን ጉልበቴ ላይ ነበር።

ጥጉ መብራቱ ሥር ያብረቀርቃል... እርጥብ ነው።

ቀጣዩም ተገለጠ። ከዚያም ሌላው። እኔ እንደ እንግዳ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ከእያንዳንዱ ገጽ በፊት ከጆሮዬ ኋላ አንዲት ትንሽ ድምፅ እሰማለሁ... ጣት ሲላስ የሚሰማው ዓይነት።

እትዬ አልቆሙም። እስከ መጨረሻው ተጫወቱ።

ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። እትዬ እጅ ነሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው እጃቸውን ዘረጉ።

«ተነሺ፣» አሉ።

ደንቡን አውቃለሁ። አልነሣም ማለት ነበረብኝ። ግን ደስ አለኝ... ዋናውን ክፍል ያልገለጥኩት እኔ ተነሣሁ። ፊቴ እየነደደ አጎነበስኩ።

ቀና ስል የእትዬ ዓይን እኔ ላይ አልነበረም። በትከሻዬ አልፎ ከኋላዬ ያያል። እንባቸው ይወርዳል።

«አንቺን አይደለም፣ ልጄ፣» አሉኝ ቀስ ብለው።

ያ ሁሉ ሰው እያየኝ... የምገባበት ጠፋኝ። እጄ እንኳ የት እንደሚቀመጥ አላውቅም። ቶሎ ልቀመጥና ልደበቅ ብዬ፣ ወንበሩን ለመያዝ እጄን ወደ ኋላ ሰደድኩ።

የያዝኩት ወንበር አልነበረም።

ጉልበት ነበር። ቀጭን፣ ሞቅ ያለ... እንደ እኔው ቀሚስ የለበሰ።

ዞር አልኩ። ወንበሩ ባዶ ነው።

አዳራሹ «ይደገም» ይላል። እትዬ ተቀመጡና አዲስ ኖታ ዘረጉ። ወደ እኔ አላዩም። እኔም ከወንበሩ ራቅ ብዬ፣ እጆቼን አጣምሬ ቆምኩ።

መጫወት ጀመሩ። ገጹ በሰዓቱ ተገለጠ።