ጠርሙስ ውስጥ የከተትኳት ዓሣ

እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር አምኜ አላውቅም። ቢሮ ውስጥ ስለ ቡዳ፣ ስለ ዛር፣ በሕልሙ ስላየው ነገር የሚያወራ ሰው ሲገጥመኝ እንደ ሥራ ፈት ነበር የማየው፣ እና ይኼን የምነግራችሁ እመኑኝ ብዬ ልለምናችሁ ሳይሆን፣ ስንት ዓመት ሙሉ ከባለቤቴ በቀር ለማንም ሳልነግር ይዤው ስለከበደኝ ነው።

ልደታ ኮንዶሚኒየም እንደገባን ባለቤቴ ግርማ ሳሎን የሚቀመጥ የዓሣ ገንዳ ገዛልኝ፣ ጋፒ፣ ሞሊ፣ ፕላቲ የሚባሉትን ትንንሽ ዓሦች አንድ ላይ ሞላሁበት፣ ሁሉም እንቁላል የማይጥሉ፣ እንደ ሰው አርግዘው የሚወልዱ ናቸው። ወንዱን ከሴቷ ለመለየት ዓይኔን አላሽም፣ የወንዱ የሆድ ክንፍ እንደ ስፒል የሾለ ነው፣ የሴቷ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል፣ ከክንፏ አጠገብ ያለው ጥቁር ነጥብ ሲሰፋ ደግሞ መውለጃዋ መድረሱን አውቄ ለብቻዋ አወጣታለሁ፣ አለበለዚያ ልጆቿን ሌሎቹም፣ ጉድ ነው፣ ራሷም ቅርጥፍ አድርገው ይበሏቸዋል። ከጌጃ ሰፈር ድረስ ዓሣ በፌስታል ይዘው እየመጡ «ይቺ ዘሯ ምንድን ነው?» የሚሉኝ ሰዎች ነበሩ።

ያን ጊዜ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዶኛል፣ ስለዚህ በቡዳ ዓይን የማላምነው እኔ፣ ሰው እንዳያውቅብኝ ጋቢ ደርቤ ነበር ከቤት የምወጣው። ልጁ አንድ ቀን እንኳ ተንቀሳቅሶ አያውቅም። ዓርብ ለክትትል ስሄድ ሐኪሙ የልብ ምቱን ፈልጎ ፈልጎ፣ «ደከም ብሏል፣ ሰኞ ተመለሺና እናየዋለን» አለኝ። እስከ ሰኞ እንዴት ይደረስ?

እሁድ ከሰዓት ገንዳው ውስጥ የማላውቃት ዓሣ አየሁ። አጥንቷ በቆዳዋ የሚታይ፣ ውሃ የመሰለች ሴት ናት፣ ሆዷ ሊፈነዳ ደርሷል፣ ጋፒ እንዳልላት ትልቅ ናት፣ ሞሊ እንዳልላት አፏ ሌላ ነው። የገንዳው ሳር ውስጥ ተደብቃ ያደገች ድቅል ትሆናለች ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ፣ ግን ያን ገንዳ እኮ በየቀኑ ነው የማየው።

እንዲህ የደረሰችን ዓሣ ማንቀሳቀስ ስህተት ነው፣ ትደነግጥና ያለጊዜዋ ትጥላለች። ይኼን ለሰው የማስተምረው እኔ፣ ያን ቀን ልጆቿ ሲበሉባት ለማየት አቅም ስላልነበረኝ፣ በመረብ አውጥቼ አፈ ሰፊ የማር ጠርሙስ ውስጥ ከተትኳት፣ ክዳኑን በምስማር በሳስቼ አጥብቄ ዘጋሁና ኩሽና አስቀመጥኳት።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ። ግርማ ለመስክ ሥራ አዳማ ሄዷል። የገንዳው የአየር ፓምፕ ሲቆም ቤቱ ጭር አለ፣ ወዲያው ከኩሽና ጥፍር መስታወት ሲነካ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ፣ ጢቅ፣ ጢቅ፣ ቆም ይላል፣ ደግሞ ጢቅ። ቆሜ ሳዳምጥ ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ሻማ ፈልገው መጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ማነው ውስጥ የሚያንኳኳው?»

«ዓሣዬ ናት እትዬ፣ ልትወልድ ነው።»

«ደግሞ ዓሣ መቼ ነው እያንኳኳች የወለደችው?» ብለው ሳቁ፣ ድምፁ እንደገና ሲመጣ ግን ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «ቢስሚላሂ» አሉ፣ ሻማውን ሳይቀበሉኝ ተመልሰው ሄዱ።

ድምፁ ቆመ። የስልኬን መብራት ይዤ ኩሽና ገባሁ፣ ክዳኑ እንዳጠበቅኩት ነው፣ ውሃው ጠብ አላለም፣ ጠርሙሱ ግን ባዶ ነው፣ እናትም የለችም፣ አንድ ልጅም የለም። ሮጬ ሳሎን ሄድኩና ገንዳው ላይ አበራሁ። እዚያ ናት። ሆዷ ሙልጭ ብሎ ጎድሏል፣ ሌሎቹ ዓሦች በሙሉ አንድ ጥግ ላይ ተጠጋግተው ከእሷ ርቀዋል። ሳሩን ገላለጥኩ፣ ጠጠሩን በጣቴ ፈተሽኩ፣ የተወለደ ነገር የለም።

«የት አደረግሻቸው?» አልኳት፣ አዎ፣ ጮክ ብዬ።

ይኼኔ ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። እርግጫ አልነበረም፣ ብዙ ትንንሽ ነገር ባንድ ጊዜ ዞር ያለ ያህል ነው የተሰማኝ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ከደስታ ይሁን ከፍርሃት አሁንም አላውቀውም።

ሰኞ ሐኪሙ የልብ ምቱን ወዲያው አገኘው፣ «ምን አብልተሽው ነው እንዲህ የበረታው?» ብሎ ቀለደ። ዓሣዋን ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ግርማ፣ «ጭንቀት ነው፣ ራስሽ መልሰሽ ገንዳው ውስጥ ከትተሻት ረስተሽው ይሆናል፣ የሕፃን የመጀመሪያ እንቅስቃሴም እንደዚያ ነው ይላሉ» አለኝ፣ እኔም ይሁን ብዬ ተቀበልኩት፣ ምን አማራጭ አለኝ?

ልጄ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች፣ ጤነኛ ናት፣ ተመስገን፣ ነፍሴን ነው የምሰጥላት። ግን እንግዳ ሲመጣ ያው ታውቁታላችሁ፣ አገጯን ይዞ፣ «ማንን ነው የምትመስለው?» ማለቱ አይቀርም። ግርማ «እናቷን» ይላል፣ የእኔ እናት «ኧረ የእኛ መልክ የላትም፣ የአባቷ ወገን ናት» ይላሉ፣ የግርማ እናት ደግሞ «እኛም ጋ እንዲህ ያለ መልክ የለም» ብለው ይስቃሉ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ይዞራሉ፣ ክንፍ አይታ ዘር ወደምትለየው ሴት፣ እኔም ልጄን ትክ ብዬ አያታለሁ።