አርባ ሁለቱ ገጾች

መዝገቤ የተገኘው በጠረጴዛውና በብረት መደርደሪያው መካከል በጎኑ እንደወደቀ ነው። ምሳ ይዛለት የመጣችው ታላቅ እህቱ ስትጮህ፣ ምድር ቤት ሱቅ ያለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ደረጃውን በሩጫ ወጣ። ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። የመደርደሪያው ጥግ ደም ነክቶታል፤ የሟቹ ሸሚዝ ሁለት ቁልፎቹ ተበጥሰዋል።

ኢንስፔክተሯ ቁልፎቹን ከወለሉ ላይ ስታነሳ «ይሄ ሰው ተገፍቶ ነው» አለች በልቧ።

መዝገቤ ከመዝገብ ቤት በጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ቅጽል ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። ስለ አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ፣ ተጫዋቾቹ ራሳቸው የሚጽፉትን ዊኪ የተባለ ድረ ገጽ ይመራ ነበር። አብረውት የሚሠሩት እህቱ፣ ጠጋኙና ሁሉም «ቲቸር» የሚሉት የፊዚክስ መምህር ናቸው። የዚህ የሥራ ክፍል ቁልፍ ያላቸውም እነሱ ብቻ ናቸው።

ሐኪሙ ሬሳውን አይቶ «ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ሞቷል» አለ።

ጠጋኙ ስልኩን አወጣ። «ከአምስት ከአሥር በኋላ ነው፣ ኢንስፔክተር። በዚያ ሰዓት በራሱ ስም ገጽ አስተካክሏል፤ ይኸው።»

«ምኑን ነው ያስተካከለው?»

«የዘንዶውን ጉልበት። ጨዋታው ትናንት ታደሰና ዘጠኝ መቶ የነበረው ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሆነ።»

«አንተ ያኔ የት ነበርክ?»

«ታች ሱቄ። ብቻዬን» አለና አንገቱን ደፋ።

እህትየውም ቤቷ ብቻዋን ነበረች። ቲቸር ግን እጅጌው ጠመኔ እንደነካው ከትምህርት ቤት ሲመጣ መልሱ ዝግጁ ነበር።

«ከአራት ሰዓት ጀምሮ ትምህርት ቤት ነኝ። አምስት ከአሥር ላይ እረፍት ነበር፤ መምህራን ክፍል ሁሉም አይተውኛል።»

«ከመዝገቤ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ተከራከርን እንጂ አልተጣላንም። ሁሉን ነገር ሠንጠረዥ ውስጥ ካልከተትኩ ብሎ ድርቅ አለ። እኔ ያንን ሠንጠረዥ በእጄ ነክቼው አላውቅም፤ አልነካውምም።»

ኢንስፔክተሯ ወደ እህትየው ዞረች። «እትዬ፣ እስቲ ይሄን ሠንጠረዥ ያስረዱኝ።»

ሴትዮዋ አፍንጫዋን ጠረገች። «ቁጥሩ የሚጻፈው አንድ ቦታ ነው፣ ልጄ። ጠጋኙ የሠራው፣ ቴምፕሌት የሚሉት ነገር ከዚያ እየቀዳ በየገጹ ያወጣዋል። ዘንዶው አርባ ሦስት ገጽ ላይ አለ፤ ሠንጠረዡ ላይ አንዴ ከቀየርሽው ሁሉም ይቀየራል። ሁለት ወር ሙሉ ይሄንኑ ስንከትብ ከረምን። ገጽ ላይ በእጄ ቁጥር ስጽፍ ቢያየኝ ያብድብኝ ነበር!»

ኢንስፔክተሯ ጠጋኙን አስቀምጣ ገጾቹን አንድ በአንድ አስከፈተችው። አሥረኛው ላይ ፊቱ ተለዋወጠ። እሷ ግን እስከ መጨረሻው አስቆጠረችው።

አሥር ሰዓት ላይ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበች። መደርደሪያው ፊት ለፊታቸው ነበር፤ ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

«አንድ ገጽ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ይላል። አርባ ሁለቱ አሁንም ዘጠኝ መቶ ይላሉ። መዝገቤ ቢሆን ሠንጠረዡ ላይ ይቀይረው ነበር። ይሄ ሰው ግን ከቴምፕሌቱ የሚመጣውን አጥፍቶ በእጁ ጻፈበት። የይለፍ ቃሉ ጠረጴዛው ላይ ተለጥፏል፤ ሦስታችሁም ታውቁታላችሁ።»

«እና ከኛ አንዳችን ነው?» አለ ጠጋኙ።

«ቴምፕሌቱን የሠራኸው አንተ ነህ፤ እትዬም ሁለት ወር ሙሉ ሠንጠረዡን ሞልተዋል። ሁለታችሁም እንዲህ አትሳሳቱም። ደግሞስ መዝገቤ አምስት ከአሥር ላይ በሕይወት ነበር ከተባለ የሚጠቀመው ማን ነው? እናንተ ምስክር የላችሁም። ምስክር ያለው አንድ ሰው ነው። ያም ሰው ከአራት ሰዓት በፊት የት እንደነበረ አልነገረኝም።»

ቲቸር ወንበሩን ጨበጠ።

«ዊኪው ማን ከየት እንደገባ ይመዘግባል» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የትምህርት ቤቱ የኢንተርኔት መስመር መሆኑን ከወረቀት ከማነበው ከእርስዎ ብሰማው ይሻላል።»



«ስድስት ዓመት ጻፍኩ» አለ ቲቸር። «ለእያንዳንዱ ፍጡር ታሪክ ፈጠርኩለት። ዛሬ ጠዋት ስከፍተው ባዶ፤ ቁጥር ብቻ! ሦስት ሰዓት ላይ ልጠይቀው መጣሁ። ‹ትንሽ ታገሠኝ› እያለ ይስቃል። ሳቁ አናደደኝ፤ ሸሚዙን ይዤ ገፋሁት። ቀና ይላል ብዬ ጠበቅኩ…»

እህትየው ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አላጠፋውም እኮ! ድንገት ሊያስደስትህ ብሎ እንዳንነግርህ አስምሎን ነው።»

ጠጋኙ ኮምፒውተሩ ላይ ሠንጠረዡን ከፈተው። ከቁጥሮቹ ቀጥሎ ገና ለአንባቢ ያልተከፈተ «ትረካ» የሚል ዓምድ አለ፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ረድፍ፣ በእያንዳንዱ ጎን የጸሐፊው ስም። ሁሉም የቲቸር ስም ነው።

ፖሊሶቹ በር ላይ ቆመው ነበር። ኢንስፔክተሯ እንዲጠብቁ በእጇ ምልክት ሰጠቻቸው። ቲቸር ወደ ኮምፒውተሩ ስክሪን ተጠግቶ የመጀመሪያውን ረድፍ አነበበ፤ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

«አንዲት ነጠላ ሰረዝ እንኳ አልነካብኝም» አለ።