የፀዳል ሦስት መስመር

እንዳሻው በፀዳል የተያዘው በመልኳ አይደለም፤ መልኳም የሚናቅ አልነበረም። የያዘችው በኮምፒውተር ኮዷ ነው።

እንደ ፈረንጆቹ 2008 ነው። ሁለቱም በስደት አገር፣ ሎውሪ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ባለ ቢሮ ውስጥ ለአረጋውያን የቤት ረዳት የሚመድብ ፕሮግራም ይሠሩ ነበር። እንዳሻው አማርኛ የሚችል፣ ቅዳሜ የሚሠራ፣ አውሮራ ከተማ የሚኖር ረዳት ፈልጎ ለማውጣት ሲ ሻርፕ በሚባለው የኮድ ቋንቋ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈ፤ ሉፕ የሚሉትን ድግግሞሽ አንዱን በሌላው ላይ እየደረበ። ፀዳል ወንበሯን ስባ መጣችና ያን ሁሉ አጥፍታ ሦስት መስመር ተካችበት። እንዲህ ያሉትን ለይ፣ በቅርበት ደርድር፣ ስማቸውን ስጠኝ፤ በቃ። ሊንክ የሚሉት አዲስ የኮድ አጻጻፍ ነው፤ የሚፈለገውን መናገር እንጂ እንዴት ተዙሮ እንደሚፈለግ መዘብዘብ የለም።

እንዳሻው ሦስቱን መስመር ደጋግሞ አነበበ። ያን ያህል ሐሳብ ያን ያህል አጥሮና አምሮ አይቶ አያውቅም።

«ግን ገና ረን አላደረገም፣ ሥራውን አልጀመረም» አለችው ፈገግ ብላ። «ውጤቱን አምጣ ካላልከው ዝም ብሎ ይቀመጣል።»

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ በአሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ አብረው መሄድ ጀመሩ። እንዳሻው ስለ ኮድ ሲሆን እስከሚወርዱበት እስከ ፒዮሪያ ፌርማታ ድረስ ምላሱ አያርፍም፤ ስለ ልቡ ሲሆን ግን ይተሳሰራል። ቢጨንቀው ለእሷ ትንፍሽ ሳይል ወደ አባቷ ወደ አቶ ጣሰው ሽማግሌ ላከ። ክብር መስሎት ነው። አቶ ጣሰው ግን ልጁ ጴንጤ መሆኑን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ፤ መልሱን ለእሑድ ቀጠሩ።

በማግስቱ ፀዳል ሰላም ሳትለው ዋለች። ከሥራ ሲወጡ ኮልፋክስ ጎዳና ካለው ፌርማታ ላይ ደረሰባትና ተቀይማው እንደሆነ ጠየቃት።

«አባቴን አስጠየቅክ» አለችው። «እኔ ግን ወሬውን ከጎረቤት እኩል ሰማሁ።»

አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ። አልተሳፈረችም።

«ፈርቼ ነው» አላት። «እምቢታውን ካንቺ አፍ ከምሰማ ከአባትሽ ብሰማው ይሻለኛል ብዬ ነው። እወድሻለሁ ፀዳል። ታገቢኛለሽ?»

አውቶቡሱ ሄደ። ፀዳል ዓይኑን እያየች ቀረበችው።

«አባዬ ትናንት ማታ እሑድን ሳይጠብቁ ለሽማግሌዎቹ ኮል አድርገው እምቢ ሊሉ ነበር» አለችው። «ስልኩን ከእጃቸው ወሰድኩና፣ ራሱ እስኪጠይቀኝ ይታገሱ፣ እኔ ከእሱ ሌላ አላገባም አልኳቸው።»