«አልፈርምም» ያለው ሐኪም

ኑ እስኪ፣ ወዲህ ጠጋ በሉ። ወንበሩ ካልበቃ ምንጣፉ አለ፤ ልጆቹንም አስቀምጧቸው። ዛሬ የማወራችሁ የፍቅር ነገር ነው፤ ፍቅሩ ግን በላም የተፈተነ ነው።

አዳማ፣ ገንደ ጋራ፣ ከወሎ የመጡ ሐጂ መሐመድዘይን የሚባሉ ወተት አቅራቢ አሉ። ላሞቹን የምታልበውም፣ ወተቱን ለየሆቴሉ የምታደርሰውም ልጃቸው ዙለይካ ናት። ባለፈው ክረምት አንዷ ላም ምጥ ጠንቶባት ስትጨነቅ፣ ከእንስሳት ክሊኒክ የመጣው ኑዕማን ነበር፤ የአርሲ ነገሌ ልጅ። ሐኪሙና ዙለይካ አንድ ገመድ ይዘው፣ እግራቸው ጭቃው ላይ እየተንሸራተተ፣ ጥጃውን ጎትተው አወጡ። ጥጃው መሬት ሲነካ ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ዝም አሉ። ያ ዝምታ ነው እንግዲህ ሁለቱን የያዛቸው።

ኑዕማን ጨዋ ነው። አጎቶቹን ለምኖ፣ ሽማግሌ የሚመጣበት ቀን ተቆርጦ ነበር። ሐጂ ገና አልሰሙም። በእኛ ዘንድ ደግሞ ሽማግሌ ደጅ ሳይረግጥ «ልጅዎን እፈልጋለሁ» ብሎ በገዛ አፉ የሚናገር ወንድ፣ ልጅቷንም አባቷንም ያዋርዳል።

ታዲያ በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት፣ ቤቱን የያዘችው ላም፣ ሻሼ፣ አልፋልፋ የሚባለውን መኖ እርጥቡን ጠግባ ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፋ። ዙለይካ ደወለች። ኑዕማን ባጃጅ ይዞ ሲበር ዋናው መንገድ በከባድ መኪና ተዘግቶ ቆመ። ሐጂ የላሟ ዓይን ሲገለበጥ አዩ።

«በክት ሆና ከምትቀር!» አሉና ቢስሚላህ ብለው አረዷት።

ኑዕማን ሲደርስ ጎረቤቱ ሥጋ ለመቁረጥ ተሰብስቧል።

«ዶክተር፣ መርፌውን ለጥብሱ ነው ያመጣኸው?» አለ ራህመቶ የሚባለው ጎረቤት። ሰው ሳቀ።

ሻሼ ኢንሹራንስ ነበራት። ውሉ ግን ባለቤቱ ላረደው ከብት አይከፍልም፤ ሐኪም «ባትታረድም አትተርፍም ነበር» ብሎ ካልመሰከረ። ሌላ ላም የሚገዛውም፣ ያ ቤት ከወተት ሥራው የማይወጣውም በዚያ ምስክርነት ነው።

ኑዕማን ሆድ ዕቃውን አገላብጦ አየና ቀና አለ። ፊቱ ገርጥቷል።

«ሐጂ፣ እኔ አልፈርምም። ዶክተር ሸዋወርቅ መጥታ ትየው፤ የክሊኒኩ ባለቤት ናት። እስክትመጣ አንጀቱን አትጣሉት። የኢንሹራንስ ወረቀት ማስፈጸሚያውንም ክሊኒክ ሄዳችሁ ትከፍላላችሁ።»

«ልጄ፣ ያየኸውን መጻፍ ምን ገደለህ?»

ኑዕማን አንድ ጊዜ ዙለይካን አያት፤ ወዲያው ዓይኑን ሰበረ።

«ላሜ ሞታብኝ የወረቀት ክፈል ትለኛለህ?» አሉ ሐጂ። «በል ሂድ! ከእንግዲህ እግርህ ከደጄ እንዳይደርስ!»

ዶክተር ሸዋወርቅ ከሰዓት መጥታ አይታ ፈርማ ሄደች። ዙለይካ ስልኳን ዘጋች። ሽማግሌ የሚመጣው በዚህ ደጅ ነው፤ ደጁ ደግሞ ተዘግቷል።

በማግስቱ ልትከፍል ክሊኒክ ሄደች። ኑዕማን ብቻውን ነበር። ብሩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«ቁጠረው። እንዳይጎድልብህ።»

«ዙለይካ...»

«አንዲት ፊርማ! ለእኔ አንዲት ፊርማ!»

«ለአንቺ ስለሆነማ ነው ያልፈረምኩት» አለ። «ዛሬ ፈርሜ ነገ ሽማግሌ ብልክ፣ ኢንሹራንሱ ምን ይላል? ‹አማቹ ፈረመለት› አይልም? አባትሽን ሌባ ላስብላቸው?»

«ታዲያ ለምን እዚያው አልተናገርክም?»

«ራህመቶ ቢላ ይዞ እየሳቀ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ስምሽን አንስቼ?»

ቁጣዋ አልበረደም፤ የምትጥልበት ቦታ ነው ያጣችው።

«ክፍያውንስ ቢሆን፣ ምናለ ብትሸፍንልን?»

«እኔ ከከፈልኩት እኔ እንደፈረምኩ ነው፣ የኔ ዓለም።»

ቀና ብላ አየችው። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል፤ እሱም አልተኛም። የቆረጠላትን ደረሰኝ አንስታ ሳትሰናበተው ወጣች።

ከቀናት በኋላ የኢንሹራንሱ መርማሪ ቤት መጣ። ሻይ ቀረበለት፤ አልነካውም።

«ሐጂ፣ አንድ ነገር ሰምተናል። መጀመሪያ የመጣው ሐኪም ልጅዎን ሊያገባ ነው ይባላል። እውነት ነው?»

«የእኔን ልጅ?» ሐጂ ከወንበራቸው ተነሡ። «ማነው እንዲህ ያለው!»

ዙለይካ በሩ ጥግ ቆማለች። «ውሸት ነው» ብትል አባቷ ያምኗታል፤ መርማሪውም ይሄዳል፤ ኑዕማንም ለዘላለም ይሄዳል። «እውነት ነው» ብትል ደግሞ ላሟም፣ የአባቷ ክብርም ገደል ሊገባ ነው። የበሩን ጉበን ያዘች።

«እውነት ነው» አለች። «ሽማግሌ ሊልክ ነበር። ስለዚህ ነው አልፈርምም ያለው። የፈረመችው ሌላ ሐኪም ናት፤ እኛም እንደ ማንኛውም ሰው ከፍለናል።»

መርማሪው ደረሰኙን ተቀብሎ አየ፣ ፊርማውን አየ፣ ጻፈ። «እናሳውቃችኋለን» ብሎ ወጣ።

አባትና ልጅ ቀሩ። ሐጂ መቁጠሪያቸውን አንስተው ተመልሰው ተቀመጡ። ዙለይካ የሚመጣውን ጥፊ እየጠበቀች አንገቷን ደፋች።

«እኔ ስሰድበው፣ ይህን ሁሉ በሆዱ ይዞ ነው ዝም ያለው?»

«አዎ፣ አባ።»

«ወላሂ፣ አንጀት አለው!» አሉ። መቁጠሪያውን አስቀመጡና፣ «ደውዪለት። አጎቶቹ በቶሎ ይምጡ።»

«ኢንሹራንሱ ሳይወስን?»

«ሳይወስን ነው እንጂ! ብሩ ከመጣ በኋላ ቢመጡ ለብሩ መጡ ይባላል። ይህ ልጅ እንዲያ ሊባል አይገባውም።»

ሽማግሌዎቹ መጡ። ያን ዕለት ላሟ ትከፈል አትከፈል የሚያውቅ አልነበረም፤ በረቱ ውስጥም የሻሼ ቦታ ባዶውን ነበር። ኢንሹራንሱ የከፈለው ከኒካው በኋላ ነው፤ እሱንም ብዙ አመላልሶ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ የምትወዱት ሰው አንድ ቀን እጁን ቢሰበስብባችሁና ዝም ቢላችሁ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት እስኪ ሄዳችሁ ጠይቁት። ያን ጊዜ ዙለይካን አስታውሱልኝ፤ ሌላ ምንም አልለምናችሁም።